ራውተሩ ቤት ቀየረ፤ መዝገቡስ?

አንድ ቤተሰብ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ቤት ቀየረ እንበል። አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ የእንጀራ ምጣዱ በአይሱዙ ተጭኖ ሄደ። ራውተሩም በፎጣ ተጠቅልሎ አብሮ ተጫነ። አዳማ ደርሶ ተሰካ፤ አረንጓዴ መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። ማታ እናትየው ለእህቷ ሎኬሽን ልትልክ ስልኳን ከፈተች። ካርታው ላይ ያለችው ሰማያዊ ነጥብ ቢሾፍቱ ላይ ተቀምጣለች።

ለምን ቢሾፍቱ? አይሱዙው እዚያ አልቆመም። ራውተሩ እዚያ አንድም ቀን አልተሰካም። ነገሩ የአማካይ ሒሳብ ነው። የራውተሮችን መገኛ ቦታ የሚይዘው የመረጃ ቋት ይህን ራውተር ትናንት አዲስ አበባ ላይ መዝግቦታል፤ ዛሬ አዳማ ላይ ሰማው። ሁለቱን ቦታዎች ደምሮ ለሁለት ካካፈለ የሚወጣው ነጥብ ቢሾፍቱ አጠገብ ያርፋል። የቋቱ ባለቤቶች «የእኛ ሥርዓት እንዲህ ያለ ተራ ስህተት አይሠራም» ይሉ ይሆናል። ጥሩ። ታዲያ ምን ያደርጋል? የድሮውን ቦታ ይዞ ይቆያል? አዲሱን ወዲያው ይቀበላል? ሁለቱንም ጥሎ ዝም ይላል? ከስንት ቀን በኋላ? ራውተሩ የቤተሰቡ ነው። ቤቱም የቤተሰቡ ነው። የተሳሳተው መልስ የሚደርሰውም ለቤተሰቡ ነው። ታዲያ ቤተሰቡ ደንቡን የማወቅ መብት የሌለው ለምንድን ነው?

አሠራሩን በአጭሩ እንየው። እያንዳንዱ ራውተር በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ «እዚህ አለሁ» የሚል መልእክት ይረጫል። መልእክቱ ውስጥ 48 ቢት ርዝመት ያለው የራሱ መለያ ቁጥር አለ፤ ማክ አድራሻ የምንለው። ይህን ቁጥር ለመስማት ፓስወርድ አያስፈልግም፤ ኔትወርኩ ውስጥ መግባትም አያስፈልግም። በደጅ የሚያልፍ ስልክ ሁሉ ይሰማዋል። ስልኩ ጂፒኤስ የነገረውን ቦታ ከሰማው ቁጥር ጋር አጣምሮ ወደ ቋቱ ይልካል። ከዚያ በኋላ ጂፒኤስ በማይደርስበት ክፍል ውስጥ ያለ ሌላ ስልክ፣ ወይም ጂፒኤስ ጭራሽ የሌለው ላፕቶፕ፣ «እነዚህን ቁጥሮች እሰማለሁ፤ የት ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል። ቋቱ ይመልሳል።

ቴክኖሎጂው አዲስ አይደለም። ስካይሁክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 ተመሥርቶ መኪና በየከተማው እያዞረ የራውተሮችን ቁጥር ይለቅም ነበር። በ2008 አገልግሎቱ አይፎን ውስጥ ገባ። ዛሬ ግን ዋናዎቹ ለቃሚዎች የእኛው ስልኮች ናቸው። በኪሳችን ይዘናቸው ስንዞር በየደጁ ያለውን ራውተር ይመዘግባሉ። መረጃውን የሚያዋጣው ሕዝብ ነው። ቋቱ የኩባንያ ነው። የቋቱን ደንብ የሚያወጣውም ኩባንያው ነው። አዋጪው ደንቡን እንኳ ማየት ካልቻለ ይህ ምን ዓይነት መዋጮ ነው?

ሁሉም ነገር የቆመው ደግሞ በአንድ እምነት ላይ ነው፦ ራውተር ከቦታው አይነቃነቅም። እውነት? ግማሹ ነዋሪ ተከራይ በሆነበት ሰፈር ይህን ማን አመነ? አከራይ ኪራይ ሲጨምር የማይነቃነቅ ምን ዕቃ አለ?

አውቶቡስ ላይ የተገጠመ ዋይፋይ ችግር አይደለም። ጠዋት ሜክሲኮ፣ ከሰዓት ሰሚት ይታያል፤ ቋቱ በተለያየ ቦታ ደጋግሞ ካየው በኋላ «ይህስ ተጓዥ ነው» ብሎ ይተወዋል። ከስልክ የሚከፈት ሆትስፖትም እንደዚያው ነው። አስቸጋሪው በሁለት ዓመት አንዴ የሚንቀሳቀሰው ነው። የቤት ራውተር ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ተቀምጦ በብዙ ስልኮች ምስክርነት ታማኝ ይሆናል። ከዚያ በአንድ ቀን ይነሣል፤ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደገና ዓመታት ይቀመጣል። በሁለቱም ቦታ ጠባዩ የታማኝ ራውተር ነው። የቀድሞ ታማኝነቱ በበዛ ቁጥር አዲሱን ቦታ ለመቀበል ቋቱ ይዘገያል። ለዓመታት የተከማቸው ምስክርነት አሁን የሚመሰክረው ለሐሰት ነው። የቋቱ ባለቤቶች ሆይ፣ የዚህን ራውተር ጉዳይ በምን ትፈቱታላችሁ? የድሮ ምስክርነት ከስንት ጊዜ በኋላ ይሻራል? አንድ አዲስ ስልክ «አዳማ ነው» ቢል ይበቃል? አምስት ያስፈልጋል? አምስት የተለያዩ ሰዎች? ወይስ ያው አንድ ሰው አምስት ቀን ቢል ይቆጠራል?

እነዚህ የቴክኒክ ዝርዝሮች ናቸው፣ ለተራ ሰው አይጠቅሙም የሚል ካለ፣ እስቲ ይህን ይመልከት። የፋየርፎክስ ብራውዘር ሠሪው ሞዚላ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የመገኛ ቦታ አገልግሎት ነበረው። የአገልግሎቱ ኮድ ክፍት ስለነበር፣ ከቦታ ቦታ ሲዘል የታየ ራውተር እንዴት እንደሚታገድ ማንም የፈለገ ሰው ማንበብ ይችል ነበር። ደንቡ ፍጹም ነበር አልልም። መታየቱ ግን በቂ ነበር፤ የታየ ደንብ ይተቻል፣ ይታረማል። አገልግሎቱ በ2024 ተዘጋ። በእጃችን ካሉት ስልኮች አብዛኞቹ የሚጠይቋቸው ትልልቅ ቋቶችስ? ደንባቸው የት ተጽፏል? ሞዚላ ያሳየውን እናንተ ለማሳየት የምትፈሩት ምኑን ነው?

ከቋቶቹ በኩል ተደጋግሞ የሚሰማው መልስ «ሥርዓቱ ራሱን በራሱ ያርማል» የሚል ነው። ይህን አባባል አጥብቀን እንመርምረው።

ራሱን የሚያርመው በማን ነው? በአላፊ አግዳሚ ስልክ። ቦሌ መንገድ ላይ ያለ ካፌ ራውተሩን ቢቀይር ወዲያው ብዙ ስልክ ያያል። ከከተማ ዳር ጭር ባለ ሰፈር አዲስ ቤት የገባ ሰውስ? በደጁ ማን ያልፋል? የሚያልፈው ሰው ስልክ ጂፒኤሱና ዳታው በርቶ ነው? ባትሪና የዳታ ጥቅል ለመቆጠብ ሁለቱንም የሚያጠፋ ሰው በበዛበት አገር እርማቱን ማን ያደርሳል? «ራሱን ያርማል» የሚለው ቃል ለሎንዶንና ለቶኪዮ የሚሠራውን ያህል ለደብረ ብርሃን ይሠራል? የተለካ ነገር ካለ ውጤቱ ይውጣ። ካልተለካ ደግሞ አባባሉ በምን ላይ ቆመ?

ሌላም አለ። ስልኩ ወደ ቋቱ የሚልከው ቦታ ከየት የመጣ ነው? ከጂፒኤስ ከሆነ መልካም። ስልኩ ግን ቤት ውስጥ ሆኖ ጂፒኤስ ካላገኘ ቦታውን የጠየቀው ከዚያው ከቋቱ ነው። ቋቱ «ቢሾፍቱ ነህ» ካለው፣ ስልኩ «ይህን ራውተር ቢሾፍቱ ላይ ሰማሁት» ብሎ መልሶ ቢልክስ? ስህተቱ የራሱ ምስክር ሆነ ማለት ነው። ከሳተላይት የመጣን ቦታ ከቋቱ ከራሱ ከመጣ ቦታ ለይታችሁ ትቀበላላችሁ? ሁልጊዜ? በሁሉም የስልክ ዓይነት? አንድ መስመር መልስ ይበቃ ነበር።

«አንድ ራውተር ቢሳሳት ሌሎቹ ያርሙታል» የሚል መከላከያም አለ። ስልኩ አምስት ራውተር ሰምቶ አራቱ አዳማ፣ አንዱ አዲስ አበባ ካሉ፣ አንዱ ይጣላል። ከተማ መሃል ይህ ጥሩ ይሠራል። አንዳንዶቹ ቋቶችም ቢያንስ ሁለት ቁጥር ካልቀረበላቸው መልስ አይሰጡም። ግን አንድ ሳጥን የሚያሰማው አንድ ቁጥር ብቻ ነው? አይደለም። ለ2.4 ጊጋኸርዝ አንድ አለው፤ ለ5 ጊጋኸርዝ ሌላ አለው፤ ለእንግዳ የተከፈተ ኔትወርክ ካለ ሦስተኛ ይጨመራል። ቁጥሮቹ ብዙ ጊዜ የሚለያዩት በአንድ ሁለት አሃዝ ብቻ ነው። አንድ ሰው ኮፍያ እየቀያየረ ሦስት ጊዜ ቢመሰክር ሦስት ምስክር ይሆናል? በአካባቢው ሌላ ራውተር በሌለበት ቤት ይህ ሳጥን ራሱ ለራሱ መስክሮ ይረታል። እነዚህ ቁጥሮች ከአንድ ሳጥን እንደሚወጡ እያወቃችሁ እንደ አንድ ትቆጥሯቸዋላችሁ ወይስ እንደ ሦስት?

ከዚህ የሚከፋ ደግሞ አለ። በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ነዋሪ ተነሥቶ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አንድ ቦታ የደረሰበት ጊዜ አለ። ከእነዚህ ጎረቤታሞች ሦስቱ ወይም አራቱ ራውተራቸውን ይዘው በአንድ ሕንፃ ውስጥ ቢያርፉ ቋቱ ምን ይላል? አራቱም ቁጥሮች ካዛንቺስ ናቸው። እርስ በርስ ይመሰካከራሉ። የሚቃወማቸው ራውተር ገና የለም። ድምፅ ቢቆጠር ሐሰት በሙሉ ድምፅ ያሸንፋል። በአዲሱ ሰፈር ታክሲ የሚጠራ ሰው ሾፌሩ ወደ ፈረሰ ቤት ሲሄድበት ለማን አቤት ይበል? ሾፌሩስ ያቃጠለውን ነዳጅ ማን ይከፍለዋል? እዚያው ፒያሳና ካዛንቺስ ላይ ደግሞ ግድግዳቸው የፈረሰ፣ ድምፃቸው የጠፋ ራውተሮች በቋቱ ውስጥ ስንት ጊዜ ይኖራሉ? ሰፈር ሙሉ በአንድ ጊዜ ዝም ሲል የሚያስተውል ሥርዓት አላችሁ?

የቢሮ ጉዳይም ተመሳሳይ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት ሕንፃ ሲቀይር በጣሪያው ላይ ያሉትን ማሰራጫዎች በሙሉ ነቅሎ ይወስዳል። ከውጭ በሻንጣ የሚመጣ ራውተርም አለ። ወንድም ከዱባይ ሲመለስ የተጠቀመበትን ይዞ ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ሲሰካ ቋቱ ገና ዱባይ ነው ብሎ ካመነ፣ ሰዓቱን በመገኛ ቦታ የሚያስተካክል ላፕቶፕ አንድ ሰዓት ወደፊት ሊሄድ ይችላል። ሰውየው ኮምፒዩተሬ ተበላሸ ብሎ ጥገና ቤት ይወስደዋል። ጥገና ቤቱ ምን ያግኝበት? ስህተቱ ያለው ማንም ሊያየው በማይችል መዝገብ ውስጥ ነው።

ሰማያዊዋ ነጥብ ብትሳሳት ምን አለበት የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው በአውሮፓ ኅብረት የሆነውን ይይ። እ.ኤ.አ. ከማርች 17 ቀን 2022 ጀምሮ እዚያ ለገበያ የሚቀርቡ ስማርት ስልኮች ሰው 112 ሲደውል ቦታውን ከሳተላይትና ከዋይፋይ አግኝተው ለአደጋ ጊዜ ሠራተኞች እንዲልኩ ግዴታ ሆኗል። ብዙ ሕይወት የሚያተርፍ ሥራ ነው፤ እደግፈዋለሁ። ግን ሳተላይት የማይሰማበት ምድር ቤት ውስጥ የወደቀ ሰው የሚቀረው በአብዛኛው ዋይፋይ ነው። በዚያች ደቂቃ የሚሰማው ራውተር ባለፈው ሳምንት ከሌላ ከተማ የመጣ ቢሆንስ? ከቋቱ የሚወጣው መልስ «ይህ ራውተር በቅርቡ ቦታ ቀይሯል፤ እርግጠኛ አይደለሁም» ይላል? ወይስ በሙሉ ልብ የተሳሳተ ጎዳና ይጠራል? ጥርጣሬን ለአምቡላንስ የሚናገር ሥርዓት ሠርታችኋል? ከሠራችሁ ለምን አታሳዩንም?

እስካሁን ያነሣሁት ቋቱ ዘግይቶ ሲያርም ያለውን ችግር ነው። አሁን ደግሞ ፈጥኖ ሲያርም የሚሆነውን እንይ። ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ይኸኛው ነው።

በ2024 ኤሪክ ራይ እና ዴቭ ሌቪን የተባሉ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ከትልልቆቹ ቋቶች አንዱን ጠየቁ፤ ልዩ ፈቃድ አልነበራቸውም፤ የማንንም ፓስወርድ አልሰበሩም። ቋቱ ስለ አንድ ራውተር ሲጠየቅ በአካባቢው ያሉ እስከ 400 የሚደርሱ ሌሎች ራውተሮችን ቦታም አብሮ ይሰጥ ነበር። በዚህ መንገድ በአንድ ዓመት ውስጥ በዓለም ዙሪያ ከ2 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑ መለያ ቁጥሮችን ትክክለኛ ቦታ አወቁ። ከዚያ ደጋግመው ጠየቁ። የትኛው ራውተር ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ታየ። ወደ ዩክሬን የገቡና ከዩክሬን የወጡ፣ ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት አቅራቢ መሣሪያዎች ታዩ። ጋዛ ውስጥ የጠፉት ታዩ።

እንግዲህ ልብ እንበል። የተዛወረን ራውተር አዲስ ቦታ ፈጥኖ የሚያውቅ ቋት፣ የተዛወረን ሰው አዲስ ቤት ፈጥኖ የሚያውቅ ቋት ነው። ራውተር በራሱ እግር አይሄድም። ሰው ነው የሚወስደው። የሚደበድባትን ባል ትታ ልጆቿን ይዛ ሌላ ከተማ የሄደች ሴት ራውተሩን ይዛ ብትሄድ፣ ቁጥሩን ያ ሰው ያውቀዋል። ሳጥኑ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ስልኩ ውስጥም ተመዝግቦ ይኖራል። ቋቱ በአንድ ቁጥር ብቻ ለማንም ጠያቂ የሚመልስ ከሆነ፣ አዲሱን ቤቷን የነገረው ማን ነው? እሷ ፈቅዳ ነበር? ተጠይቃ ነበር? እንዲህ ያለ ቋት መኖሩንስ ሰምታ ታውቃለች?

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ መልሶቻችሁ የሚጋጩት። ትክክለኝነት ሲነሣ «እንቅስቃሴን ፈጥነን እናውቃለን» ትላላችሁ። ግላዊነት ሲነሣ «ማንንም አንከታተልም» ትላላችሁ። የትኛውን እንያዝ? አዳማ የገባችው እናት የገዛ ራውተሯ በመዝገባችሁ ውስጥ የት እንዳለ አይታ ማረም አትችልም። የማታውቀው ሰው ግን ቁጥሩን ይዞ ሲጠይቅ መልስ አግኝቷል፤ የ2024ቱ ጥናት ያሳየው ይህንን ነው። ባለቤቱ የተከለከለውን እንግዳ ያገኘው በየትኛው ሚዛን ነው?

ማምለጫ በር አለ ይላሉ። አዎ፣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጣ ዘዴ ነው፤ የዋይፋዩ ስም መጨረሻ ላይ የታች ሰረዝና «ኖማፕ» የሚል ቃል በላቲን ፊደል ከተጨመረ ቋቱ ራውተሩን እንዲተወው ታስቦ ነው። በሌላ ቋት ደግሞ ሌላ ምልክት ይጠየቅ ነበር፤ አንዱ ምልክት የግድ ከስሙ መጨረሻ፣ ሌላው ከስሙ ውስጥ የትም። ከትልልቆቹ አንዱ የኖማፕን ምልክት የተቀበለው በ2024 ነው። ዘዴው ከመጣ ከ12 ዓመት በላይ አልፎ። በእነዚያ ዓመታት ስሙን የቀየረ ሰው ተጠበቅሁ ብሎ ሲያምን እዚያ ቋት ውስጥ ምን ነበር?

በሩን ለመክፈት የሚከፈለውን ዋጋም እንየው። የዋይፋይ ስም ከ32 ባይት አይበልጥም። አንድ የግዕዝ ፊደል የሚይዘው 3 ባይት ነው። «የእማማ ዘነበች ቤት» ብለው ዋይፋያቸውን የሰየሙ ልጆች 10 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ ተጠቅመዋል፤ ልክ 32 ባይት። ለምልክቱ የሚያስፈልገው 6 ባይት ከየት ይምጣ? ከመዝገብ ለመውጣት እማማ ዘነበች ስማቸውን ያሳጥሩ? ሲያሳጥሩ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕ ሁሉ ከኔትወርኩ ይወጣል፤ አንድ በአንድ እንደገና መገናኘት አለበት። ይህን ለእማማ ማን ሊነግራቸው ነው? በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ማብራሪያ አዘጋጅታችኋል? ሳይጠየቅ የተመዘገበ ሰው ለመውጣት ይህን ሁሉ የሚለፋው ለምንድን ነው? መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ማን ነው?

ደግሞም ያ በር የመውጫ ብቻ ነው። መውጣት የማይፈልግ፣ ቦታው እንዲስተካከልለት ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚገባበት በርስ? ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። ስካይሁክ በአንድ ወቅት ሰው የራውተሩን ቁጥርና ትክክለኛ ቦታውን ሞልቶ የሚያስገባበት ቅጽ ነበረው። በኢንተርኔት አድራሻዎች በኩልም መንገድ ተገኝቷል፤ የአድራሻ ባለቤቶች አድራሻቸው የት አገርና የት ከተማ እንደሚሠራ ራሳቸው የሚያሳውቁበት የጋራ አጻጻፍ አርኤፍሲ 8805 በሚል ቁጥር በ2020 ታትሟል። ለኢንተርኔት አድራሻ የተቻለው ለዋይፋይ ሳጥን ለምን አልተቻለም?

«ሐሰተኛ ሰው የሌላውን ራውተር ቦታ ያዛባል» የሚል ስጋት እንዳለ አውቃለሁ። ስጋቱ እውነተኛ ነው። የዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ገና እ.ኤ.አ. በ2008 እንዲህ ያሉ ቋቶችና ስልኮች በሐሰት ምልክት ሊታለሉ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ግን እስቲ በራሳችሁ ሕግ እንሂድ። ስሙ ላይ «ኖማፕ» የጨመረ ሰው የራውተሩ ባለቤት ነው ብላችሁ አምናችሁ ታስወጡታላችሁ፤ ስሙን መቀየር የሚችለው ባለቤቱ ስለሆነ። ታዲያ ለማረም የሚፈልግ ሰው የሰጣችሁትን አጭር ኮድ ለአንድ ቀን ስሙ ላይ ቢጨምር ባለቤትነቱን በዚያው መንገድ አላረጋገጠም? ለማስወጣት የሚታመን ማስረጃ ለማረም የማይታመንበት ምክንያት ምንድን ነው?

ራውተር ሠሪዎችስ ከዚህ ጥያቄ ነፃ ናቸው? ሳጥኑ ለዕድሜ ልክ አንድ ቁጥር እንዲይዝ የወሰነው ማን ነው? ስልኮቻችን ከማያውቁት ዋይፋይ ጋር ሲገናኙ ቁጥራቸውን መቀያየር ከጀመሩ ዓመታት ሆኗቸዋል። ስታርሊንክም ራውተሮቹ የሚያሰሙትን ቁጥር በዘፈቀደ እንዲቀያይሩ አድርጓል። አንድ ራውተር ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲሰካ አዲስ ቁጥር ቢይዝ ሁለቱም ችግሮች በአንድ ጊዜ ይቀላሉ፤ የድሮው መዝገብ አዲሱን ቤት አያሳስትም፣ አሳዳጅም የሸሸችውን አያገኝም። ጉዳቱ ለማን ነው? ቋቱ ጥቂት መዝገብ ያጣል። በሌላ በኩል የቆመው የሰው ደህንነት ነው። የሚያመዝነው የትኛው ነው? ያገለገለ ራውተር የሚሸጡ ሱቆችስ ሳጥኑ ከነታሪኩ እንደሚሸጥ ለገዢው ይነግራሉ? ራውተር ለደንበኛ የሚያድሉ፣ መልሰው የሚረከቡና ለሌላ ደንበኛ የሚሰጡ የኢንተርኔት አቅራቢዎችስ በመካከል ምን ያደርጋሉ? ፓስወርዱን ያጠፋሉ። ቁጥሩንስ?

ሕጉ ዝም ያለ እንዳይመስለን። በአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣናት የሥራ ቡድን በሜይ 2011 ባወጣው አስተያየት፣ የራውተር ቁጥር ከተሰላለት ቦታ ጋር ሲጣመር የግል መረጃ ተደርጎ መያዝ እንዳለበት ተናግሯል። በኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሰው ስለ ራሱ የተያዘ የተሳሳተ መረጃ እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በወረቀት ላይ መብቱ አለ። ከካዛንቺስ የተነሣው ሰውዬ ይህን መብት ይዞ ወዴት ይሂድ? ቋቱ ያለው በየትኛው አገር ነው? ማመልከቻውን በአማርኛ ቢጽፍ የሚያነብለት አለ? መዝገቡ የእሱ መሆኑን በምን ያስረዳል? ተቆጣጣሪው አካልስ ይህን ዓይነት መረጃ በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል? ጥያቄ ጽፎ መልስ ጠብቋል?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የተዛወረ ራውተር ትክክለኛ ቦታውን እስኪያገኝ በአማካይ ስንት ቀን ይፈጃል? በአዲስ አበባ ስንት? በአዳማ ስንት? በገጠር ከተማ ስንት? አንድ መዝገብ ሳይታይ ስንት ወር ሲያልፍ ይሰረዛል? ራውተሩ ቀደም ሲል የነበረባቸው ቦታዎች ከተዛወረ በኋላ ተጠብቀው ይቆያሉ ወይስ ይጠፋሉ? ከተቀመጡ ማን ያያቸዋል? መንግሥት ቢጠይቅ ይሰጣሉ? በዚህ ዓመት ስንት ሰው «ቦታዬ ተሳስቷል» ብሎ ጻፈላችሁ፤ ለስንቱስ መልስ ሰጣችሁ?